ክተት፣ ሰልፍና ወዶ ዘማች በአገራችን ታሪክ

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ራሒም



የመስጊዱ ኮሚቴ ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲጠይቀኝ፣ ስለ መስጊዱ አሠራርና ስለ መሥራች አባቶቻችን ሌሎች ወንድሞች እንደሚጽፉ ስለማውቅ፣ እኔ በመካከላችን ብዙ የማይነገርለትን አንድ ርእስ መረጥሁ። ይኸውም በአገራችን የክተት አዋጅ ሲታወጅ፣ ሠራዊት በአደባባይ ሲሰለፍና ወዶ ዘማች ሲመለመል የነበረው ሥርዓት ምን ይመስል እንደ ነበርና በዚያ ውስጥ የሙስሊሙና የዚህ የጋሞ አገር ሕዝብ ድርሻ ምን እንደ ነበር ነው።

ርእሱ ከመስጊድ መጽሔት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ባለፉት ዘመናት በየሰልፉ ካለፉት ወጣቶች መካከል የእኛም ልጆች ነበሩ። ከሄዱት ያልተመለሱ አሉ። ከተመለሱትም መካከል አካላቸው የጎደለ አሉ። ስለ ጦርነቶቹ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ስለ እነዚህ ልጆች ግን በመዝገባችን ላይ አንድም መስመር የለም። በመሆኑም ታሪኩን ከመነሻው አንሥቼ በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በነቢዩ ዘመን የሠራዊት ፍተሻ

ሠራዊትን በአደባባይ አሰልፎ መመልከት በዓለም ታሪክ ጥንታዊ ልማድ ነው። ዓላማውም ሁለት ነው። አንደኛው የሠራዊቱን ቁጥርና ትጥቅ ማወቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለወዳጅ ተስፋ፣ ለጠላት ፍርሃት መስጠት ነው። በእስልምና ታሪክ ግን ሦስተኛ ዓላማ እናገኛለን። እርሱም ሊዘምት የማይገባውን ለይቶ ወደ ቤቱ መመለስ ነው።

በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ ለኡሑድ ዘመቻ ሠራዊቱ ከመዲና በወጣ ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘማቾቹን አንድ በአንድ ተመልክተው ነበር። በዚያን ጊዜ ለመዝመት ከተሰለፉት መካከል የ14 ዓመቱ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር ይገኝበታል። ነቢዩ አልፈቀዱለትም፤ መለሱት። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ 15 ዓመት ሞልቶት እንደገና ሲቀርብ ግን ፈቀዱለት። ይህ ታሪክ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ኋላም ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ይህንኑ ሲሰሙ፣ በሕፃንና በአዋቂ መካከል ያለው ወሰን ይህ ነው ብለው ለሹሞቻቸው ደብዳቤ እንደጻፉ ተላልፎልናል። ከዚህም ሌላ አንድ ሰው ለመዝመት ፈቃድ ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ፣ ነቢዩ መጀመሪያ የጠየቁት ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ነበር። መኖራቸውን በነገራቸው ጊዜም እነርሱን እንዲያገለግል አዘዙት።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሊዘምት በፈቃዱ የመጣ ሁሉ ዝም ብሎ የሚወሰድ እንዳልነበረ ነው። ዕድሜው ይታያል፤ የቤቱ ሁኔታ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ይፈቀድለታል ወይም ይመለሳል። ይህን መለኪያ አንባቢው በልቡናው ይዞ የሚከተለውን ታሪክ እንዲያነብ አደራ እላለሁ።

የአገራችንም ስም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ተሰደው በንጉሥ ነጃሺ ጥላ ሥር በነበሩበት ጊዜ በንጉሡ ላይ ባላጋራ ተነሥቶበት ጦርነት ሆነ። ኡሙ ሰለማ እንዳስተላለፉት፣ ስደተኞቹ ለንጉሡ ድል ዱዓ አደረጉ። ወሬውንም ለማምጣት ከሁሉ በዕድሜ ያነሰው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም በፈቃዱ ተነሥቶ፣ በአየር በተነፋ አቁማዳ ላይ ሆኖ ወንዙን በመዋኘት ተሻገረ። ድሉን ባየ ጊዜም ልብሱን እያውለበለበ ተመለሰ። ሙስሊሞች በዚህች አገር ስለ አገሩ ሰላም ሲጨነቁ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ዛሬ ወይም ትናንት አይደለም ማለት ነው።

የነጋሪት ዘመን

በአገራችን በቀድሞው ዘመን ደመወዝ እየተከፈለው በሰፈር የሚኖር ብዙ ሠራዊት አልነበረም። ጦርነት በመጣ ጊዜ ነጋሪት ይጎሰማል፤ በገበያ ቦታ አዋጅ ይነገራል፤ ባላባቱም ወታደሩም ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ በተባለው ቦታ ይከታል። ክተት የሚለው ቃልም ከዚሁ የመጣ ነው። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ መሠረት የሸዋና የደቡብ ጦር በጥቅምት ወር ወደ ወረኢሉ ከተተ። ከዚያም ተነሥቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ሆነ። ከወሎና ከሌላውም አገር የወጡ ሙስሊም ዘማቾች በዚያ ጦር ውስጥ ነበሩበት።

ይሁን እንጂ የክተቱን ሸክም የሚሸከመው ዘማቹ ብቻ አልነበረም። በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት በተጠቃለለው በእኛ አካባቢ፣ ለወታደሩ ማደሪያ ተብሎ ገባር ይሰጠው ነበር። ወታደሩ ሲዘምት ስንቁን የሚያዘጋጀው፣ እህሉን የሚፈጨው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ገባሩ ነበር። በሰልፍ ጊዜ ጎራዴና ጋሻ ይታያል። የገባሩ ትከሻ ግን አይታይም።

የጣሊያን ፋሺስት መንግሥት አገራችንን በወረረ ጊዜ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት ነጋሪት ተጎስሞ የክተት አዋጅ ታወጀ። በጥቅምት ወር የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ ብዙ ሺህ ሠራዊታቸውን ይዘው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት አለፉ። ሰልፉ ለብዙ ሰዓት የቆየ ነበር። ዘማቹ በንጉሡ ፊት ሲደርስ ይሸልላል፤ ይፎክራል፤ የአባቱን ስም ይጠራል። የውጭ አገር ጋዜጠኞችም ይህን አይተው ለዓለም አስታውቀዋል። ነገር ግን በዚያ ሰልፍ ላይ የታየው ጀግንነት በሰማይ ከሚመጣ ቦምብና ከመርዝ ጋዝ ሊከላከል አልቻለም። ከአራት ወር በኋላ የአምባ አራዶም ጦርነት ሆነ፤ ራስ ሙሉጌታም በየካቲት 1928 ዓ.ም. ከጦራቸው ጋር ሲያፈገፍጉ ወደቁ።

የእኛ አገር ዘማች ግን የሄደው ወደ ሰሜን ሳይሆን ወደ ምሥራቅ ነው። የጋሞ ጎፋ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች አበበ ዳምጠው ጦራቸውን ይዘው ወደ ኦጋዴን ዘመቱ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ከፊታቸው የቆመው የጠላት ጦር ማን እንደ ነበር ስናስተውል እጅግ ያሳዝናል። ጄኔራል ግራዚያኒ ከፊት ካሰለፋቸው ክፍሎች አንዱ ከሊቢያ በተመለመሉ ሙስሊሞች የተቋቋመ ክፍለ ጦር ነበር። እነዚህ ሰዎች የገዛ አገራቸውን በግፍ የገዛው፣ ታላቁን ሼህ ዑመር አልሙኽታርን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1931 ዓ.ም. በስቅላት የገደለው መንግሥት ወታደሮች ሆነው ነው የመጡት።

በእኛም ወገን ሙስሊም የጦር መሪዎች ነበሩ። ከእነዚህም መካከል ሶማሌው ፊታውራሪ ዑመር ሰመተር ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የታወቀ ነው። እኚህ ሰው በጣሊያን ሶማሌ በፋሺስቶች ላይ ካመፁ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረው፣ በ1927 ዓ.ም. በወልወል በተነሣው ግጭትም ሆነ ከዚያ ቀጥሎ በመጣው ጦርነት ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ሆነው ተዋግተዋል። እንግዲህ በኦጋዴን በረሃ ሙስሊም ከሙስሊም ጋር ተታኩሷል ማለት ነው። አንዱ ወዶ፣ ሌላው ተገዶ ወይም ተታልሎ።

ማታለሉም በአደባባይ ሰልፍ የተደገፈ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1937 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ወደ ትሪፖሊ ሄዶ በፈረስ ተቀምጦ፣ የእስልምና ሰይፍ የተባለውን ጎራዴ ወደ ላይ አንሥቶ፣ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ ብሎ አስነገረ። ይህ የሆነው በአዲስ አበባ የየካቲት 12 እልቂት ከተፈጸመ ከአንድ ወር በኋላ ነው። በአገራችንም መስጊድ በማሠራትና ዐረብኛን በማስፋፋት የሙስሊሙን ልብ ለመግዛት ብዙ ሞክሯል። የሸሪዓ ፍርድ ቤትና የመስጊድ ቦታ ተነፍጎት የኖረ ሕዝብ ይህን ሲያገኝ መደሰቱ የሚያስገርም አይደለም። ሆኖም የስጦታው ዋጋ ወዲያው ይጠየቅ ነበር። ዋጋውም የወጣት ትከሻና ጠመንጃ ነው። ከዚህ የምንማረው ሰይፍ በአደባባይ ሲያነሣልን ያየነው ሁሉ የእኛ ወገን እንዳልሆነ ነው።

የካኘው ወዶ ዘማቾች

ከነጻነት በኋላ አገሪቱ ዘመናዊ ሠራዊት አቋቋመች። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ እንዲዘምት ከክቡር ዘበኛ ተመርጦ የተቋቋመው የካኘው ሻለቃ በፈቃደኞች የተሞላ ነበር። በሚያዝያ ወር ንጉሠ ነገሥቱ ሰልፉን ተመልክተው፣ ሰንደቅ ዓላማ ሰጥተው፣ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ሸኙት። እስከ ተኩስ ማቆሙ ድረስ ሦስት ሻለቃዎች እየተተካኩ ተዋግተው ከ120 በላይ ወታደሮች ሞቱ። የሞቱት ቁጥርና ስም በመዝገብ ተይዟል፤ ሐውልትም ቆሞላቸዋል። ይህን የማነሣው ለምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ ላይ ይገለጻል።

ከሚያዝያ 1966 እስከ ሰኔ 1969 ዓ.ም.

የአብዮቱ ዘመን ሲመጣ የሙስሊሙ ጥያቄ ገሃድ ወጣ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሕዝብ የተሳተፈበት የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ። ብዙ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረው ወጡ። ጥያቄው የሃይማኖት እኩልነት፣ የበዓላት መከበርና በመንግሥት ሥራ ሁሉ፣ በሠራዊቱም ጭምር፣ እንደ ዜጋ መሳተፍ ነበር። በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች መባሉ ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል የሚለውም ጥያቄ ከዚሁ ጋር ይነሣል። በ1967 ዓ.ም. ዒደል ፈጥር፣ ዒደል አድሓና መውሊድ በመንግሥት ደረጃ የሚከበሩ በዓላት ሆኑ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሌላ ጥሪ መጣ። ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የእናት አገር ጥሪ የተባለውን ንግግር አደረጉ። በሰሜን የኤርትራ ጦርነት በርትቶ ነበር። በምሥራቅ የዚያድ ባሬ መንግሥት ለወረራ ይዘጋጅ ነበር። በየክፍለ ሀገሩ በገበሬ ማኅበርና በቀበሌ አማካይነት ሚሊሺያ ይመለመል ጀመር። ከመላ አገሪቱ፣ በተለይም ከማዕከላዊውና ከደቡቡ ክፍል፣ በርካታ ገበሬ ከእርሻው ተነሥቶ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በታጠቅ ጦር ሰፈር ተከማቸ። የሰፈሩ ስም የአፄ ቴዎድሮስን የፈረስ ስም የሚያስታውስ ነው። በከተሞች እናቶችና እህቶች በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጁ፤ ሕዝቡ ገንዘብና ከብት አዋጣ።

ሰኔ 18 ቀን 1969 ዓ.ም. ይህ ሠራዊት በአብዮት አደባባይ ተሰለፈ። ከጥሪው ቀን ጀምሮ ብንቆጥር 74 ቀን ብቻ ነው። በአገራችን ታሪክ ከታዩት የጦር ሰልፎች ሁሉ ታላላቆቹ ከሚባሉት አንዱ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችና ጎልማሶች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት እያሉ ለሰዓታት አለፉ። ወሬው በሬዲዮ በመላ አገሪቱ ተሰማ። የወለዱ እናቶችም ልጃቸው ከዚያ መካከል እንዳለ እያሰቡ አዳመጡ።

አሁን ሁለት ነገር ለይተን ማየት ይገባናል። አንደኛው የጥሪው እውነትነት ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ወደቀች። አገሪቱ በእርግጥ ተወርራ ነበር። በዚያን ጊዜ ሙስሊሙን በጥርጣሬ ዓይን የሚያዩ አልጠፉም። ሶማሊያ በ1966 ዓ.ም. የዐረብ ሊግ አባል በመሆኗ፣ ጦርነቱን የሃይማኖት ለማስመሰል የሚሹ ነበሩ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል ከተሰለፉት መካከል የሐረርጌ፣ የባሌ፣ የአርሲ፣ የወሎና የሌላውም አገር ሙስሊሞች ነበሩ። ከኩባ ወታደሮች ጋር ሊረዳ የመጣውም የደቡብ የመን ጦር ሙስሊም ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ በኩል ጅጅጋ ስትመለስ የፈሰሰው ደም የአንድ ሃይማኖት ደም አልነበረም። ሦስት ዓመት አስቀድሞ በአደባባይ ዜግነቱን የጠየቀ ሕዝብ፣ የዜግነቱን ዕዳ ከሌላው ጋር እኩል ከፈለ።

ሁለተኛው ነገር የምልመላው መንገድ ነው። ከሚሊሺያው መካከል ስለ አገሩ ተቆርቁሮ ልቡ ፈቅዶ የሄደ ብዙ ነበር። ይህን መካድ በሙታን ላይ ግፍ ነው። ነገር ግን ለገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ሰው አምጣ ተብሎ ቁጥር በተሰጠ ጊዜ፣ ቁጥሩን የሚሞላው ማን እንደ ሆነ አንባቢ አያጣውም። ወገን ያለው ይቀራል። ድሃው፣ እንግዳው፣ ከሊቀ መንበሩ ጋር የተጣላው ይላካል። በሰልፉ ላይ ግን ወዶ የመጣውና ተገዶ የመጣው አንድ ልብስ ስለ ለበሱ አይለዩም። ከዚያም በጥቂት ወራት ሥልጠና ብቻ ግማሹ ወደ ኤርትራ፣ ግማሹ ወደ ኦጋዴን ተላከ። ብዙውም እዚያው ቀረ።

ወዶ ዘማች ቀርቶ ግዳጅ ሲመጣ

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ። በአዋጁ መሠረት ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ማገልገል ግዴታው ሆነ። ሕጉ ዕድሜ ወስኖ ነበር፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን ወሰኑ ተጣሰ። አፈሳ የሚለው ቃል በየቤቱ የተለመደው በዚያን ጊዜ ነው። ወጣቱ ከገበያ፣ ከአውቶቡስ ተራ፣ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ይታፈስ ነበር። ጢሙ ያላበቀለ ልጅ ቁመቱ ታይቶ 18 ሞልቶታል ይባላል። ነቢዩ የ14 ዓመቱን ልጅ ከሰልፍ አውጥተው ከመለሱበት ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር፣ ይህ ሥርዓት የቱን ያህል ወደ ኋላ እንደ ሄደ ማየት ይቻላል።

የመጨረሻው ምልመላ ደግሞ ከእኛው ደጃፍ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተማሪዎች ትምህርታቸው ተቋርጦ ለሥልጠና ወደ ብላቴ ተላኩ። የብላቴ ወንዝ የሚገባው ወደ አባያ ሐይቅ ነው። ከሴቻ ተራራ ላይ ቆመን በየማለዳው የምናየው ሐይቅ ማለት ነው። ሥልጠናው ሳይገባደድ ግንቦት 20 ቀን መንግሥቱ ፈረሰ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ደቡብ ተጉዘው በሞያሌ በኩል ኬንያ ገቡ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠረው የቀድሞ ሠራዊትም ተበትኖ ወደየትውልድ አገሩ ተመለሰ። አንዳንዱ በክራንች፣ አንዳንዱ በባዶ እግሩ መጣ። ከዚህ በፊት በሰልፍ የሸኘው ሕዝብ ሲመለስ ሰልፍ አላደረገለትም።

ከዚያ ወዲህም ጥሪው አልቆመም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት እንደገና በየአካባቢው ወጣቶች ተመለመሉ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንግሥት አቅሙና ዕድሜው የሚፈቅድለት ሁሉ እንዲዘምት ጥሪ አቀረበ። በየከተማው የሽኝት ሥነ ሥርዓት ተደረገ። ጦርነቱ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲቆም የእርስ በርስ ደም ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ ሁላችንም አየን።

የጋሞ አባቶች ርጥብ ሣር

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ሕዝብ በአደባባይ የሚሰበሰበው ለጦርነት ብቻ እንዳልሆነ የምንኖርበት ይህ አገር ምስክር ነው። የጋሞ ሕዝብ ዱቡሻ የሚባል የመሰብሰቢያ አደባባይ አለው። የአገር ጉዳይ የሚመከረው፣ የተጣላ የሚታረቀው በዚያ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአዲስ አበባ ዙሪያ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ የተቆጣ ወጣት ለበቀል አደባባይ ወጣ። ማንም አልመለመለውም፤ ነጋሪትም አልተጎሰመም። ኀዘኑና ንዴቱ በቂ ነበር። የአገር ሽማግሌዎች ግን ርጥብ ሣር ይዘው በወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ይህን አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቱ ቆመ፤ የሌላ ብሔር ተወላጆች ንብረትና ሕይወትም ተረፈ።

እኔ እንደማምነው፣ በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ሰልፎች ሁሉ ይህ ሊዘነጋ የማይገባው ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች ያደረጉት፣ ሊሄድ የተነሣውን ወጣት ፊት ለፊት አይቶ ተመለስ ማለት ነው። በኡሑድ ዋዜማ ከተደረገው ጋር መንፈሱ ይመሳሰላል። አገር ስትወረር መከላከል ተገቢ መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም ማን እንደሚሄድ፣ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ ወዶ ይሁን ተገዶ፣ እናቱን ማን እንደሚጦር የሚጠይቅ አባት ካልኖረ፣ ወጣት ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

አደራ

ከላይ ስለ ካኘው ሻለቃ ስናገር የሞቱት ስም በመዝገብ መያዙን ገልጬ ነበር። የእኛ ልጆች ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም። በ1969 ዓ.ም. ለሚሊሺያ፣ ከ1975 ዓ.ም. በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና የሄዱት ሲሞቱ ለቤተሰቦቻቸው መርዶ የተነገረው ለጥቂቶች ነው። ሌላው ቤተሰብ ለዓመታት በር በሩን ሲያይ ኖረ። ሚስት ባሏ ሞተ ወይስ አለ ሳታውቅ ዒዳ መቀመጥም ሌላ ማግባትም ተቸገረች። ወራሽ ውርሱን መካፈል አልቻለም። ጀናዛ ሳይሰገድበት፣ ቀብሩ ሳይታወቅ የቀረው ስንት እንደ ሆነ አላህ ብቻ ያውቃል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የነጃሺን ሞት በሰሙ ጊዜ ሶሐቦችን አሰልፈው ባሉበት በመዲና የጀናዛ ሶላት ሰግደውለታል። ይህ በሐዲስ የተረጋገጠ ነው። ዛሬ በእኛ ሁኔታ ፍርዱ ምን እንደ ሆነ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ለእነርሱ እተወዋለሁ። ዱዓ ማድረግና ስም መመዝገብ ግን የሚከለክለን የለም። ስለዚህ ለመስጊዱ ኮሚቴ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በቢሮው አንድ መዝገብ ይከፈት። ከሴቻም ከሲቀላም፣ ከጨንቻና ከሌሎቹም ወረዳዎች ከጀመዓው መካከል ለጦር ሜዳ ሄዶ ያልተመለሰለት ቤተሰብ መጥቶ ያስመዝግብ። የሟቹ ስም ከነአባቱ፣ የሄደበት ዓመት፣ ወዶ ሄዶ ይሁን ታፍሶ፣ መጨረሻ ደብዳቤ የመጣው ከየት እንደ ሆነ ይጻፍ። ይህን የሚያስታውሱት እናቶችና አባቶች ዕድሜያቸው ገፍቷል። በየዓመቱ ከመካከላቸው ወደ አኼራ የሚሄዱ ስላሉ ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።

የተመለሱትም አይረሱ። በክራንች ወደ ጁሙዓ የሚመጣውን ወንድማችንን፣ ከኋላ ሰፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰግደውን ጎልማሳ የት እንደ ቆሰለ የጠየቅነው ስንቶቻችን ነን? ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ አጠገቡ ቁጭ ብለን ብናዳምጠው፣ በዚህ መጽሔት ላይ ከጻፍሁት የበለጠ ታሪክ ይነግረናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሞቱት ምሕረቱን፣ ላዘኑት ሶብርን፣ ለአገራችን ሰላምን ይስጥ። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።